ትምህርት ቤትና ሠፈር

በማታው የንባብ ክፍላችን ከሚማሩት እናቶች አንዷ ባለፈው ሳምንት ስልካቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የጻፈችላቸው መልእክት ነበር። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለውን መልእክት የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነበር። ያን ዕለት ግን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ ራሳቸው አነበቡት። መልእክቱ እንዲህ ይላል፦

«እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደኅና ነን። ልጁ አምስት ዓመት ሞላው። በነሐሴ መጨረሻ ትምህርት ይጀምራል። ለእሱ ትምህርት ቤት ስንል ቤት ልንቀይር አስበናል። ኪራዩ ግን ከበደን። ምን እንደምናደርግ ጨንቆናል። ጸልዪልን።»

አንብበው ሲጨርሱ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እናንት ልጆች፣ ትምህርት ቤት ለመግባት ቤት ይቀየራል እንዴ? እኛ አገር ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጁ ነው፤ እዚያ የሚሄደው ቤቱ ነው?» ብለው ጠየቁን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን ወዲያው መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ጠይቀንና አንብበን ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። ዘመድ በውጭ አገር ያለው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው ይችላል።

1. የቅበላ ወሰን ምን ማለት ነው?

የእኒህ እናት ልጅ የምትኖረው በሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከአሜሪካ ዋና ከተማ ከዋሽንግተን በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል። ካውንቲ ማለት በእኛ አነጋገር አውራጃ እንደ ማለት ነው።

በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም። ነገር ግን ወላጅ «ይህኛው ይሻለኛል» ብሎ ልጁን ደስ ወዳለው ቦታ አያስገባም። ትምህርት ቤቶቹን የሚያስተዳድሩት የትምህርት ዲስትሪክት የሚባሉ የየአካባቢው አካላት ናቸው። በመላ አገሪቱ ወደ 13,000 ያህል ይሆናሉ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለብቻው አንድ ዲስትሪክት ሲሆን፣ ከ130 በላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉት።

ዲስትሪክቱ ካርታ ዘርግቶ በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ዙሪያ መስመር ያሰምራል። በመስመሩ ውስጥ የሚኖር ልጅ በዚያ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከመስመሩ ውጭ የሚኖረው ወደ ሌላው ይላካል። ይህ መስመር የቅበላ ወሰን ይባላል። በልዩ ፈቃድ ወይም በዕጣ የሚገባባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ይሁንና የአብዛኛውን ልጅ ትምህርት ቤት የሚወስነው አድራሻው ነው።

መስመሩ ትልቅ መንገድ ተከትሎ ሊሄድ ይችላል፤ ከመንደር መሐልም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ማታ አብረው ኳስ የተጫወቱ ሁለት ልጆች ጧት ሲነሡ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይሄዳል።

ይህን ስንናገር ከክፍላችን አንድ አባት፣ «የእኛስ ወሰን ወንዙ አይደል? ክረምት ሲሞላ የእኔ ልጅ አይሻገር፣ የማዶው ልጅ ይማራል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ወሰን የሌለበት አገር የለም። ልዩነቱ የእኛን ወሰን ተፈጥሮ፣ የእነዚያን ደግሞ ሰው ማስመሩ ነው።

ልጅ ለማስመዝገብ የሚሄድ ወላጅ በወሰኑ ውስጥ መኖሩን በወረቀት ማስረዳት አለበት። በብዙ ቦታ የሚጠየቀው የኪራይ ውል፣ ወይም የቤት ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ ወይም የመብራትና የውሃ ሂሳብ ነው። በሜሪላንድ ልጁ ወደ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 ቀን ድረስ 5 ዓመት ከሞላው ነው። መዋዕለ ሕፃናቱ ያለው እዚያው በአንደኛ ደረጃው ትምህርት ቤት ግቢ ነው። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ከ1 ማይል በላይ የሚርቅ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዲስትሪክቱ አውቶቡስ ይመላለሳል። 1 ማይል 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ለእነሱ ዋናው ችግር የመንገዱ ርቀት አይደለም፤ መስመሩ ነው።

2. መስመሩ ዋጋ አለው

ታዲያ ሰው ስለ አንድ መስመር ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምንድን ነው? በመስመሩ ወዲህና ወዲያ ያሉት ትምህርት ቤቶች በስም አንድ ዓይነት ቢሆኑም በውጤት ስለሚለያዩ ነው። ወላጆች ይህን ስለሚያውቁ ጥሩ ስም ያለው ትምህርት ቤት ወዳለበት ወሰን ይሻማሉ። ሲሻሙ ዋጋው ይወጣል።

ሳንድራ ብላክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ጉዳይ ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ የተደረገው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በቦስተን ዙሪያ ባሉ ከተሞች ነው። ተመራማሪዋ ያወዳደሩት በአንድ የቅበላ ወሰን ግራና ቀኝ ተጠጋግተው የሚገኙ ቤቶችን ነው። ሠፈሩ አንድ ነው፤ ሱቁም መንገዱም አንድ ነው። የሚለያያቸው ልጆቹ የሚሄዱበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ውጤቱ የሚከተለው ሆነ፦ የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት ከመቶ 5 ከፍ ሲል፣ ወላጆች ለቤቱ ከመቶ 2.5 ያህል ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኞች ነበሩ።

ስለዚህ የትምህርት ቤቱ በር ክፍያ የለውም ቢባልም፣ ክፍያው ከበሩ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ኪራይ ገብቷል። ነፃ የተባለውን ትምህርት ቤት የሚያገኘው ውድ ቤት መከራየት የቻለ ነው ማለት ነው።

3. ልዩነቱ ከየት መጣ?

አንደኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። በአሜሪካ ለትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከየግዛቱና ከየአካባቢው ነው። የየአካባቢው ድርሻ በአብዛኛው የሚሰበሰበው ከቤትና ከመሬት ግብር ነው። ቤቱ ውድ በሆነበት ዲስትሪክት ግብሩ ይበዛል፤ ቤቱ ርካሽ በሆነበት ያንሳል።

በቴክሳስ ግዛት በሳን አንቶኒዮ የሚኖሩ ወላጆች በዚህ ምክንያት ክስ መሥርተው ነበር። በ1967–68 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዘመን፣ ድሆች በሚኖሩበት በኤጅዉድ ዲስትሪክት ለአንድ ተማሪ የወጣው 356 ዶላር ነበር። ሀብታሞች በሚኖሩበት በአላሞ ሃይትስ ግን 594 ዶላር ወጣ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1973 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ በ5 ዳኞች ድምፅ በ4 ላይ፣ ልዩነቱ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት አይጥስም ብሎ ፈረደ።

ሁለተኛው ምክንያት የዘር መለያየት ታሪክ ነው። በካንሳስ ግዛት በቶፒካ ከተማ ሊንዳ ብራውን የምትባል ጥቁር ልጅ ነበረች። ከቤቷ አጠገብ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ግን የነጮች ብቻ ነበር። ስለዚህ ራቅ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። አባቷና ሌሎች ወላጆች ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ፣ ልጆችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ በሕግ መለያየቱ ቀረ። ነገር ግን ብዙ ነጮች ከከተማ ወጥተው በዳር ባሉ ዲስትሪክቶች ሰፈሩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ዲትሮይት ከተማ በቀረበ ክስ፣ ያው ፍርድ ቤት በ5 ድምፅ በ4 ላይ ሌላ ውሳኔ ሰጠ። ለመለያየቱ ጥፋተኞች ሆነው ያልተገኙ የዳር ዲስትሪክቶች ልጆችን ከከተማው ጋር እንዲያቀላቅሉ አይገደዱም አለ። ከዚህ በኋላ የዲስትሪክት መስመር እንደ ግንብ ጸና።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶቹ ሁሉ የአንድ ዲስትሪክት በመሆናቸው የገንዘቡ ልዩነት እንደ ሳን አንቶኒዮ አይደለም። እዚያ ልዩነቱን በይበልጥ የሚያመጣው ሠፈሩ ነው። ውድ ቤቶች በበዙበት ወሰን የተማሩና የተደላደሉ ወላጆች ልጆች ይሰባሰባሉ። ርካሽ ቤቶች በበዙበት ደግሞ ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ ልጆች ይሰባሰባሉ።

4. ቤት ሀ፣ ቤት ለ፣ ቤት ሐ

አሁን ወደ ልጅቷ ጭንቀት እንመለስ። ለትምህርቱ እንዲመች ሂሳቡን በምሳሌ እንሥራው።

ቤት ሀ አሁን ያሉበት ነው እንበል። ኪራዩ በወር 1,900 ዶላር ነው። ቤት ለ ከወሰኑ ማዶ፣ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ባለበት ይገኛል። ኪራዩ በወር 2,400 ዶላር ነው። ልዩነቱ በወር 500 ዶላር ይሆናል። በዓመት 500 በ12 ሲባዛ 6,000 ዶላር ነው። ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 5ኛ ክፍል 6 ዓመት ይማራል። 6,000 በ6 ሲባዛ 36,000 ዶላር ይሆናል።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? አባት ታክሲ የሚነዳ ከሆነ፣ ከሌሊቱ ሰዓት ላይ ይመጣል። እናት አረጋውያንን የምትንከባከብ ከሆነ፣ ከእሑድ ዕረፍቷ ላይ ይመጣል። እንዲህ ሲሆን ልጁ ጥሩ ትምህርት ቤት ውሎ ሲመጣ ቤት ውስጥ ደብተሩን የሚያይለት ሰው አያገኝም። ኪራዩ ከአቅም በላይ ከሆነም በዓመቱ ሌላ ቤት መፈለግ ይመጣል። ያን ጊዜ ወሰኑ ይለወጣል፤ ልጁም መምህሩንና ጓደኞቹን ጥሎ እንደ ገና ይጀምራል።

«እንግዲያው ባሉበት ይቀመጡ» ማለታችን ነው? አይደለም። ሠፈርና ትምህርት ቤት ልጅን እንደሚለውጡ በዚያው በሞንትጎመሪ ካውንቲ የተደረገ ጥናት ያሳያል። ካውንቲው ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ አለው። በዚህ ደንብ መሠረት ብዙ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ከሚሠራቸው ቤቶች ጥቂቱን ገቢያቸው መካከለኛና ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በቅናሽ ይሰጣል። ከእነዚህም ውስጥ የካውንቲው የቤቶች ባለ ሥልጣን የተወሰኑትን ገዝቶ ለድሆች ያከራያል። በዚህም የተነሣ የድሃው ቤት በሀብታሙ ሠፈር መካከል ይገኛል።

ሄዘር ሽዋርዝ የተባሉ ተመራማሪ ከ2001 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. በእነዚህ ቤቶች የኖሩ 858 ልጆችን ውጤት ተከታትለው በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን አወጡ። ቤተሰቦቹ ሠፈሩን አልመረጡም፤ በዕጣ ነው የደረሳቸው። ስለዚህ «ጎበዝ ወላጅ ስለሆኑ ነው» አይባልም። ድሃ ተማሪ በብዛት በሌለበት ትምህርት ቤት ወሰን ውስጥ የገቡት ልጆች፣ የአንደኛ ደረጃን ሲጨርሱ በሒሳብ ትምህርት ድሃ ካልሆኑት ተማሪዎች ጋር የነበራቸውን ልዩነት በግማሽ ቀንሰውት ተገኙ። በዚያን ጊዜ ካውንቲው ድሆች ለበዙባቸው ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ቢሆንም በእነዚያ የተማሩት ይህን ያህል አልተሻሻሉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። እነዚህ ቤተሰቦች የሚከፍሉት ኪራይ በገቢያቸው ልክ ነበር። በዚህ ምክንያት ለረጅም ዓመታት በአንድ ቤት ቆይተዋል። ልጆቹን የጠቀማቸው ጥሩው ወሰን ብቻ አይደለም፤ በጥሩው ወሰን ውስጥ ተረጋግቶ መኖሩም ጭምር ነው።

ስለዚህ ቤት ሐን መፈለግ ያስፈልጋል። ቤት ሐ ማለት በተሻለው ወሰን ውስጥ ሆኖ ኪራዩ ከአቅም ያልወጣ ቤት ነው። ምናልባት ጠበብ ያለ፣ ምናልባት ያረጀ ሊሆን ይችላል። ከላይ በተናገርነው የቅናሽ ደንብ የተሠራም ሊሆን ይችላል። ቤቱ ለሁሉም አይዳረስም፤ ወረፋ አለው። ግን ያልጠየቀ አያገኝም። ብዙ ሰው «ይህ ለእኛ አይሆንም» እያለ ሳይጠይቅ ይቀራል።

5. በሰው አድራሻ ማስመዝገብ

አንዳንድ ጊዜ ዘመድ በቅንነት፣ «ምን አስጨነቀሽ እህቴ! በእኔ አድራሻ አስመዝግቢው» ይላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን አደጋ አለው። በኦሃዮ ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን በወላጅ አባቷ አድራሻ በሌላ ዲስትሪክት በማስመዝገቧ ተከሳ 9 ቀን ታሰረች። በዚያው ዓመት የግዛቱ አገረ ገዥ ጥፋቱን ከከባድ ወንጀል ወደ ቀላል ዝቅ አደረጉላት። እስራቱ ግን አንዴ አልፎ ነበር።

በእውነት ከዘመድ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ሰው ሌላ መንገድ አለው። በሞንትጎመሪ ካውንቲና በሌሎችም ቦታዎች፣ አብረው የሚኖሩ ሰዎች በፊርማ የሚያረጋግጡበት ቅጽ አለ። እውነቱን ይዞ ቅጹን መሙላት ይሻላል።

ሁለት መብቶችንም እናስታውስ። በ1982 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የለውም ተብሎ ልጅ ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይከለከልም ብሎ ወስኗል። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዝኛ የማይችሉ ተማሪዎች ትምህርቱ እንዲገባቸው ትምህርት ቤቱ ሊረዳቸው ይገባል ብሏል። ወሰኑ የትኛውም ቢሆን እነዚህ መብቶች አብረው ይሄዳሉ።

6. ውል ከመፈረም በፊት ምን ይጠየቅ?

ሀ) ቤቱ በየትኛው ወሰን ውስጥ ነው? አከራዩ ወይም ደላላው ያለውን ብቻ አምኖ መፈረም ጥሩ አይደለም። የቤቱን ቁጥርና መንገድ ለዲስትሪክቱ ሰጥቶ ማረጋገጥ ይገባል። ጎረቤት ቤት በዚያ ወሰን ነው ማለት ይኸኛውም ነው ማለት አይደለም።

ለ) ወሰኑ ሊለወጥ ነው ወይ? አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወይም አንዱ ሲጨናነቅ መስመሩ እንደ ገና ይሰመራል። ከዚያ በፊት ሕዝብ የሚናገርበት ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባው ላይ ያልተገኘ ሠፈር ድምፁ አይሰማም። የእኛ ሰዎች በሥራ ብዛት ከዚህ ስብሰባ ይቀራሉ፤ መቅረት ግን ያስጎዳል።

ሐ) የትምህርት ቤቱ ስም የተመሠረተው በምን ላይ ነው? ለትምህርት ቤቶች ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ አሉ። ነጥቡ በአብዛኛው ከፈተና ውጤት ይነሣል። የፈተና ውጤት ደግሞ የወላጆችን ኑሮ ጭምር ያሳያል። ስለዚህ «መምህራኑ ይቆያሉ ወይ? እንግሊዝኛ ለሚማር ልጅ ምን ታደርጋላችሁ? ዝቅ ብሎ የገባ ልጅ ከዓመት ወደ ዓመት ይሻሻላል ወይ?» ብሎ ሄዶ መጠየቅ ይበልጣል።

መ) በዚህ ኪራይ ስድስት ዓመት መቀመጥ እንችላለን ወይ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ «አንችልም» ከሆነ፣ ቤቱ ምንም ቢያምር የሚበጅ አይደለም።

7. መደምደሚያ

እኛ ገና ልጅ ያላሳደግን ወጣቶች ነን። ወላጅን ለመምከር ዕድሜያችን አይፈቅድም። ያነበብነውን ግን አካፍለናል። የቅበላ ወሰን ተራ መስመር አይደለም፤ የልጅን ዕድል ይነካል። ስለዚህ ቤት ሲመረጥ ወሰኑን መጠየቅ ተገቢ ነው። ግን ወሰኑን ለማግኘት ተብሎ ቤተሰቡ ከተበተነ ወይም በየዓመቱ ከተሰደደ፣ የተገኘው ተመልሶ ይጠፋል። በወንዝ የተከለለ ድልድይ ይፈልጋል። በሰው መስመር የተከለለ ደግሞ በስብሰባ መነጋገርን ይፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ በክፍል ውስጥ ካነበብን በኋላ፣ እናትየው ስልካቸውን አውጥተው መልስ መጻፍ ጀመሩ። አምስት መስመር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። ልንረዳቸው ስንቀርብ «ተዉኝ፣ እኔው ልጨርሰው» አሉን። ሲጨርሱ ጮክ ብለው አነበቡልን፦

«ልጄ፣ ደኅና ነኝ። ወሰኑን መጀመሪያ ጠይቂ። በቅናሽ የሚከራይ ቤት አለ ይባላል፤ ተመዝገቢ። ልጁ ሳይነሣ ስድስት ዓመት የሚቆይበትን ቤት ያዙ። አባቱ ማታ ማታ ቤት ይገኝ። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እናትሽ።»

የቃላት ፍች

የቅበላ ወሰን — አንድ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀበልበት የሠፈር ክልል
ዲስትሪክት — የአንድን አካባቢ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድር አካል
ካውንቲ — በአሜሪካ ከግዛት በታች ያለ የአስተዳደር ክልል
የኪራይ ውል — ተከራይና አከራይ የሚፈራረሙት ስምምነት

ጥያቄዎች

1. ነፃ ለሆነ ትምህርት ቤት ክፍያው በየት በኩል ይመጣል?
2. የኪራዩ ልዩነት በወር 300 ዶላር ቢሆን፣ በ6 ዓመት ስንት ይሆናል?
3. በሞንትጎመሪ ካውንቲ ጥናት ልጆቹን የጠቀሙት ሁለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
4. በሰው አድራሻ ልጅ ማስመዝገብ ምን አደጋ አለው?
5. በእናንተ ሠፈር ልጆችን ከትምህርት ቤት የሚያግድ ወሰን አለ? ምንድን ነው? ለማስወገድ ምን ማድረግ ይቻላል? ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ አምስት መስመርም ጻፉ።